ያውቁ ኖሯል? አፍላጦን ለገበያ ቀረበ፣ የጌዴኦ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቁጭ አለ!

የዛሬው ጥያቄያችን ከባድ ነው፤ ምሁራን ሲጨቃጨቁበት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል! የፖለቲካ ፍልስፍና ለመንግሥት ሥራ ይበጃል ወይስ አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚቀር ምኞት ነው? መልሱን ፍለጋ አቴንስ ድረስ አይድከሙ! ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዙ፣ ሐዋሳን ይለፉ፣ ዲላ ላይ ይውረዱ። ቡናው እስኪፈላ ጉዱን ልንገርዎ!

ጌዴኦ የራሱ የአስተዳደር ሥርዓት እንዳለው ያውቁ ኖሯል? ስሙ ባሌ ይባላል! ሕገ መንግሥት አልተጻፈለትም፣ ነጋሪት ጋዜጣ አልወጣለትም፣ አማካሪ ፈላስፋም አልተቀጠረለትም። አባ ገዳው ከላይ፣ ሮጋው ከእሱ ቀጥሎ፣ ከዚያ ጃላባው፣ ከዚያ ደግሞ ሀይቻው! ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ቢሮ ግን የለም!

አባ ገዳው ስንት ዓመት ይመራል? 8 ዓመት! ስምንቱ ሲሞላ ተረኛው ይረከባል። «ሕዝቡ ገና አልጠገበኝም» ብሎ ነገር የለም!

አሜሪካኖችስ? ጆርጅ ዋሽንግተን ሁለት ዘመን ሠርቶ በፈቃዱ ወረደ፤ ገደቡ ሕግ ሆኖ የጸደቀው ግን በ1951 እ.ኤ.አ. ነው! ሁለት ጊዜ አራት ስንት ነው? 8! ዋሽንግተንና ጌዴኦ ሳይመካከሩ አንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ!

የእኛው ሕገ መንግሥትስ ምን ይላል? ፕሬዚዳንቱ ከሁለት የ6 ዓመት ዘመን በላይ አይመረጡም! ጠቅላይ ሚኒስትሩስ? ገደብ የለባቸውም! ሪባን የሚቆርጠው ወንበር ገደብ ተበጀለት፣ አገር የሚያዝዘው ወንበር ክፍት ቀረ። (አንድ የባሌ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? እኔ ገምቻለሁ፤ እርስዎም አያቅትዎትም።)

የባሌ ሥርዓት እግሩ መሬት የሚረግጠው የት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ሶንጎ ላይ! ሶንጎ የሽማግሌዎቹ ጉባኤም ነው፣ ጉባኤው የሚቀመጥበት ቦታም ነው። ሸንጎ ከሚለው ቃል ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ልብ ይበሉ! የድንበር ጠብ፣ የጋብቻ ጣጣ፣ የስርቆት ክስ ሁሉ እዚያው ይታያል።

አንድ ጊዜ በወናጎ በኩል ሳልፍ ሶንጎ ተቀምጦ አገኘሁ። የክሱ ርዕስ ምን እንደ ነበር ቢነገርዎ ያምናሉ? አንድ የቡና ችግኝ! ሁለት ማሳ የሚለያይበት መስመር ላይ በቅሎ፣ ግራና ቀኙ ጎረቤት «የእኔ ነው» ብሏል። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዳምጣሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ትንፍሽ አይልም! ጌዴኦኛ ስለማልችል አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ በሹክሹክታ ያስተረጉምልኛል፤ እሱንም አንዴ በዓይናቸው ገሠጹት። ሦስት ሰዓት ፈጀ! እጅ አልወጣም፣ ድምፅ አልተቆጠረም። ሁለቱም «እሺ» እስኪሉ ድረስ ዝም ብሎ ተወራ፤ በመጨረሻም አሉ! ችግኙ ለማን እንደ ደረሰ ልጁም አልነገረኝ፣ እኔም አፍሬ ሳልጠይቅ ሄድኩ!

ጉጂና ጌዴኦ የሚተርኩላትን አኮ ማኖዬን ያውቋት ኖሯል? ንግሥት ነበረች ይባላል፤ ትእዛዟ የሚያሳብድ! አንድ ቀን «በሰማይና በምድር መካከል ተንጠልጥሎ የሚቆም ቤት ሥሩልኝ» አለች። ወንዱ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ገባ! አንድ ሽማግሌ ግን መላ መታ፤ «እሺ፣ እንሠራለን፤ ብቻ መሠረቱን አንቺ ጣይልን በሏት!» ለአየር ላይ ሐሳብ የተሰጠ ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ በመጽሐፍ አላነበብኩም! ፍጻሜዋስ? ጉድጓድ ቆፍረው፣ አፉን ሸፍነው ጣሏት ይላሉ። (ተራኪዎቹ ወንዶች መሆናቸውን አይርሱ!)

ግሪኮችም ያንኑ ቀልድ ቀልደዋል! አሪስቶፋንስ የተባለው ቀልደኛ በ423 ዓመተ ዓለም ባሳየው ቴአትር ሶቅራጥስን ቅርጫት ውስጥ አስገብቶ አየር ላይ አንጠለጠለው! ፈላስፋው ከዚያ ሆኖ ስለ ፀሐይ ያስባል፣ ታች ያለው ሰውዬ ደግሞ የዕዳው ነገር አስጨንቆታል!

አፍላጦን፣ ያ «ፈላስፎች ይንገሡ» ያለው ሰው፣ ሐሳቡን ለመሞከር ሦስት ጊዜ ወደ ሲራኩስ ተጓዘ! የመጀመሪያው ጉዞ እንዴት አለቀ? ገዢውን አስቆጥቶ ለባርነት ተሸጠ ይባላል! ወዳጁ ገንዘብ ከፍሎ አስለቀቀው። እሱ ግን ተመልሶ ሄደ፤ ያውም ሁለት ጊዜ!

አርስጣጣሊስ ደግሞ ከተማሪዎቹ ጋር የ158 ከተሞችን የአስተዳደር ታሪክ ሰበሰበ! አሁን በእጃችን ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ የአቴንሱ። የት ተገኘ? ግብፅ ውስጥ! በምን ላይ ተጽፎ? በአንድ የእርሻ ሒሳብ ጀርባ ላይ! በፊት ገጹ የገበሬ ገቢና ወጪ፣ በጀርባው የመንግሥት ፍልስፍና! በቡና ወራት ዲላ ያሉ ደላሎች ሒሳባቸውን በተገኘው ወረቀት ጀርባ ላይ ሲጽፉ ባየሁ ቁጥር ይቺ ትዝ ትለኛለች።

እነዚህ ግሪኮች ግእዝ እንደ ተናገሩ ያውቁ ኖሯል? አንጋረ ፈላስፋ የተባለው መጽሐፍ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ የጥንት ጠቢባንን አባባል ለደብተራዎቻችን አስነበበ! ጌዴኦ ግን በዚያን ጊዜም ከዛፉ ሥር አልተነሣም!

ፍትሐ ነገሥትስ? ለዘመናት የነገሥታቱ ሕግ ሆኖ የኖረው መጽሐፍ የተሰናዳው በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ግብፅ ውስጥ፣ በዐረብኛ ነው! ከፊሉም ከሮማና ከቢዛንታይን ሕግ የተቀዳ ነው። የሮም ዳኛ ሐሳብ በካይሮ አድርጎ ጎንደር ላይ ፈረደ!

አሁን ስለ አንድ ዕድለ ቢስ ልንገርዎ! ዣን ዣክ ሩሶ ለሁለት አገሮች የመንግሥት ዕቅድ ጻፈ። በ1765 እ.ኤ.አ. ለኮርሲካ፤ በ1769 ፈረንሳይ ደሴቲቱን ጠቅልላ ያዘች! ከዚያ ለፖላንድ ጻፈ፤ በ1772 ሦስት ጎረቤቶቿ ከግዛቷ ቆርሰው ተካፈሉ! «እባክህ ለእኛ አትጻፍልን» ያለ አገር አለመኖሩ ይገርማል!

ከጆን ሎክም ጋር ይተዋወቁ! መሬት የሚሆነው ላቡን ላፈሰሰበት ሰው ነው ብሎ ያስተማረ ፈላስፋ! ይኸው ሰው በ1669 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዋ ካሮላይና የተረቀቀው ሕግ ላይ እጁ ነበረበት። ሕጉ ምን ይል ነበር? ጌታ በባሪያው ላይ ፍጹም ሥልጣን አለው! ላብ የማን? መሬት የማን?

ይህ ጥያቄ ጌዴኦ ላይ በጦር ተጠይቋል! በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች «የተከልነውን፣ ያረምነውን፣ የለቀምነውን ቡና ለባለርስት አናካፍልም» ብለው ተነሡ። ሚቺሌ ላይ ግጭት ሆነ፤ ጦርና ጎራዴ ከጠመንጃ ጋር ገጠመ! ሎክን ያነበበ አንድም ሰው መሐላቸው አልነበረም! ነገሩን እንዲሸመግል የተላከውን ቡድን የመሩት አፈ ንጉሥ እሸቴ ገዳ ነበሩ።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ምን ታወጀ መሰልዎ? የፍትሐ ብሔር ሕግ! 3,367 አንቀጾች! አርቃቂው ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ረቂቁም የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው!

ቁጥር 3347ን አንብበው ያውቁ ኖሯል? ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ከዚያ በፊት የነበረው የተጻፈም ሆነ የልማድ ደንብ ሁሉ ተሽሯል ይላል! በአንድ የብዕር ጭረት የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ሥራ ፈታ፣ በወረቀት ላይ! ሶንጎ ግን ደብዳቤው አልደረሰውም መሰል፣ በማግስቱም ተቀመጠ!

ቆይቶስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል አለ! በፊት በር የተባረሩት ሽማግሌዎች በጓሮ በር ተጠሩ!

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ከየት መጣ? ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው በጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት አምሳያ ነው! ጃፓኖችስ? ከፕሩሲያ ቀድተው! ከበርሊን ቶኪዮ፣ ከቶኪዮ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ የዚያን ጊዜ ደራሳ ይባል እስከ ነበረው ጌዴኦ! ከአንድ የይርጋጨፌ ቡና ጆንያ የበለጠ የተጓዘ ሐሳብ!

አርቃቂውስ ማን ነበሩ? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም! በልጅነታቸው ዐድዋን ያዩ፣ ሩስያ ሄደው መድፈኛነት የተማሩ! ደግሞ ሌላም አለ፤ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትራችንን የጻፉትም እሳቸው ናቸው! እንስሳት የሚናገሩበት፣ ሹማምንትን የሚሸነቁጥ ተውኔት! ታገደባቸውም! መጀመሪያ በመንግሥት ላይ ቀለዱ፣ ቀጥሎ ለመንግሥት ሕግ ጻፉ! እኔ ቅደም ተከተሉን ወድጄዋለሁ።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትስ? ዘውዱ ከንግሥት ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ ለመጣው ዘር ነው ብሎ በአንቀጽ 2 አሰፈረ! ክብረ ነገሥት የዘመናዊ ሕግ አንቀጽ ሆነ! በዚያው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ አባላትን መምረጥ ጀመረ፤ ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛ ይመርጣል እንጂ አይመረጥም!

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ያውቋቸው ኖሯል? በልጅነታቸው ምጽዋ ላይ መርከብ ውስጥ ተደብቀው አውሮፓ ገቡ! ተምረው ተመለሱ፤ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የሚል መጽሐፍ ጻፉ። ሥራቸው ምን ነበር? የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም! ፍልስፍናውን ቀረጥ እየተቆጣጠሩ አሰቡት! በ1911 ዓ.ም. በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ሞቱ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው! እሳቸው ሳያዩት!

«መሬት ላራሹ!» የሚለው መፈክር አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የወጣው መቼ ነው? የካቲት 1957 ዓ.ም.፣ በተማሪዎች አፍ! ሕግ የሆነውስ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.! ልክ በ10 ዓመቱ! ከመፈክር ወደ አዋጅ ቁጥር 31! ሐሳብ ፈጥኖ መሬት ሲወርድ ካዩ ይኼ ነው፤ ቃል በቃል መሬት!

አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይያዝ አለ። ይህን የሰማ የጌዴኦ ገበሬ ሳይስቅ አልቀረም! ብዙው ማሳ 1 ሄክታር እንኳ አይሞላ! 10 ሄክታርን ማን አይቶት!

በ1999ኙ ቆጠራ ጌዴኦ ዞን ስንት ሰው ነበረው? 847,434! ስፋቱስ? 1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ! በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው፣ ገጠር ነው እንግዲህ! ግን ከላይ ቢያዩት ደን ይመስላል። ከትልልቁ ዛፍ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ሰው! የዛፍ ጥላ ያለ ደንብ አይቆይም፤ ደንቡን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ይገምቱ!

በ1967 ዓ.ም. 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረደ! ማርክስን በጉያው፣ ጫማውን በጭቃ! ብዙው ከተሜ ማረሻ ይዞ አያውቅም፤ ገበሬውን ስለ ጉልበት ዋጋ ሊያስተምር ሄደ!

ኪስዎ ውስጥ ያለው የቀበሌ መታወቂያ የአብዮት ፍልስፍና ቅሪት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ቀበሌ የዛሬውን መልኩን የያዘው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 47 ነው! ሥልጣን ለሰፊው ሕዝብ ተብሎ! አብዮቱ ሄደ፣ ደርግ ሄደ፣ ቀበሌ ቀረ! ማኅተም ያዡም «ምሳ ወጥቷል»!

ማርክስ ራሱስ የት ሄደ? የትም! የሌኒን ሐውልት በ1983 ዓ.ም. ተገረሰሰ፤ የማርክስ የድንጋይ ሐውልት ግን ስድስት ኪሎ አካባቢ ዛሬም ቆሟል! ተማሪዎች ጥላው ሥር ቀጠሮ ይይዛሉ።

ስለ ድንጋይ ካነሣን ጌዴኦን የሚያህል የለም! ቱቱ ፈላ ላይ 300 ገደማ ትክል ድንጋይ፤ ጨልባ ቱቲቲ ላይ ከ1,000 በላይ! ሳካሮ ሶዶ ያሉት ደግሞ ወደ 2,000 ዓመት ይጠጋቸዋል፤ ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት በለጡ! ስም የለባቸውም፣ ማዕረግ የለባቸውም፣ «መረቀ» የሚል ጽሑፍ የለባቸውም!

አሁን ትንፋሽዎን ይያዙ! ዋለልኝ መኮንን የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ ጥቂት ገጾች ብቻ! ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። ሕገ መንግሥቱ በብሔር ብሔረሰቦች ስም የጸደቀው መቼ ነው? ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.! ቀኑ ያው! በ22 ዓመቱ! የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በየዓመቱ የሚከበረው እሱ በሞተበት ዕለት ነው! ሐሳቡን ይውደዱትም ይጥሉትም፣ አየር ላይ ቀርቷል ብለው ግን አይከራከሩኝም!

ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሉ ተሳስተዋል! የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው! ዳኞች ሳይሆኑ የየብሔረሰቡ ተወካዮች ተቀምጠው ይወስናሉ። ወፈር ያለ ሶንጎ አይመስልዎትም? ዛፉ ብቻ ነው የጎደለው!

ሞንቴስኪዩ በ1748 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሥልጣኖች ይለያዩ አለ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ፤ ሥልጣኖቹን በከተማ ለያያቸው! የርእሰ መስተዳድሩ ቢሮ ወላይታ ሶዶ፣ ምክር ቤቱ አርባ ምንጭ፣ ሌላው ሌላው ደግሞ ለዲላ፣ ለጂንካ፣ ለሳውላና ለካራት ተከፋፈለ! ስድስት ከተማ፣ አንድ ክልል! ሞንቴስኪዩ ከዲላ ጂንካ በሚኒባስ ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ ምዕራፉን ያሻሽለው ነበር!

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ጌዴኦ ከሌሎች አምስት ዞኖችና ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር ድምፅ ሰጥቶ ነው እዚያ ክልል የገባው! የሶንጎ አገር እጁን የምርጫ ቀለም ነከረ!

መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ! ሽማግሌዎቹ በልማድ ሕግ የሚጠብቁት ደን፣ የሚንከባከቡት ትክል ድንጋይ! የት ጸደቀ? ሪያድ፣ ንጉሥ በሚገዛበት አገር ዋና ከተማ! በዚያው ጉባኤ ከኢትዮጵያ ሌላ ማን ተመዘገበ? የባሌ ተራሮች! የጌዴኦ ሥርዓት ባሌ፣ ተራራውም ባሌ! ዝምድና የላቸውም፤ አጋጣሚው ግን ድንቅ ነው!

የኦሮሞው የገዳ ሥርዓትስ? በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ ሲመዘገብ ጉባኤው የተቀመጠው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር! ቅርሱ ለመመዝገብ ከአገር አልወጣም!

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ደራሶና ጉጆ ወንድማማቾች ነበሩ ይላል የአገሩ ትውፊት፤ ከአንዱ ጌዴኦ፣ ከሌላው ጉጂ። እነዚህ ወንድማማቾች በ2010 ዓ.ም. ተጣልተው፣ ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በጌዴብና በኮቸሬ ወረዳዎች ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ሕንፃ ሁሉ ሰው ሞላው። የወሰን ፍልስፍና ካርታ ላይ ቀላል ነው። ጉጂና ጌዴኦ ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት ከጥንት አላቸው፤ በእሱ ደም ያደርቃሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እሱ ዞሮ አየ።

ይርጋጨፌ የሚለው ስም የማን ነው? የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ይህ ጥያቄ አሜሪካን አነጋገረ! ኢትዮጵያ ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ አለች፤ ከስታርባክስ ጋርም ተፋጠጠች! በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። ከዲላ ወጣ ብሎ እሸት ቡናውን አልጋ ላይ ሲገለብጥ የሚውል ሰው የመንደሩ ስም አሜሪካ ላይ ጠበቃ እንደ ቆመለት ያውቅ ይሆን? ላቡን ያፈሰሰ ባለቤት ነው ያለው ሎክ የቡና ስም ላይ ምን ይል ነበር!

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሀገር በቀል ጥናት ተቋም እንዳለው ያውቁ ኖሯል? ባሌና ሶንጎ በማስታወሻ ደብተር ገብተው፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ተጠርዘው መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ! ግቢው አጥር አጠገብ ግን ሽማግሌዎች አሁንም ተቀምጠው ሊያዩ ይችላሉ፤ የግርጌ ማስታወሻ የላቸውም!

በጥር ወር ዲላ ከሄዱ ደራሮን ይጠይቁ! የጌዴኦ የምስጋና በዓል ነው፤ ለማጌኖ፣ ለፈጣሪ፣ ምስጋና ይቀርባል፤ አባ ገዳውም ይከበራል! ሕዝብ ለአስተዳዳሪው ስጦታ ይዞ በፈቃዱ የሚመጣበት ቀን! የገቢዎች መሥሪያ ቤት ሰዎች ልምድ ቢቀስሙ!

አንዲት የመጨረሻ ሒሳብ ልስጥዎና ቡናዬን ልጠጣ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 61 እያንዳንዱ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወንበር ይኖረዋል ይላል፤ በየ1 ሚሊዮን ሕዝቡ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል! በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በመላ አገሪቱ ጌዴኦ ነኝ ያለው ሰው ስንት ነበር? 986,977! ለአንድ ሚሊዮን የጎደለው 13,023 ሰው ብቻ! አንድ መካከለኛ ቀበሌ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አንድም ጊዜ አልተቆጠረም!